የማክሰኞ ጨረቃ

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። የአንዲት ሴትዮን ስልክ ድምፅ ማጥፋት ታሪክ ይባላል? ጣትን ከላይ ወደ ታች መሳብ፣ አንዲት ምልክት መንካት፣ አለቀ። ዶርም ውስጥ አብራኝ ለምትኖር ልጅ መነሻውን ብነግራት «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ የሆነውን ስነግራት ግን ከአልጋዋ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለዚህ ይነገር ብዬ ወስኛለሁ። ደግሞም እጄ የሠራው ነገር ስለሆነ ከማንም በተሻለ አውቀዋለሁ።

የቀወት ገበሬ ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ከመንደራችን መመላለሱ ስለከበደኝ ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ፤ የተከራየሁትም እትዬ ግቢ ነው። እትዬ ሽንኩርት ታከፋፍላለች። በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብያት ነበር። «አንቱ አትበይኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላም ለዕረፍት ስመጣ መጀመሪያ የምወርደው እሷ ዘንድ ነው። ጥቂት ቀን ሽንኩርት በምትሸጥበት ሼድ ውስጥ አግዛት ከዚያ ወደ መንደር እሄዳለሁ።

የእትዬ ስልክ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። ከጀውሃ ገበሬ ይደውላል፣ ከደብረ ብርሃን ነጋዴ ይደውላል፤ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ከጎህ ጀምሮ እንደ ጫጩት ይንጫጫል። መጥሪያው መዝሙር ነው፤ ከግቢው በር ውጭ ይሰማል። ሼዱን የምትጋራት ሙስሊም ሴት አለች። እትዬ «ሸሪኬ» ትላታለች፤ ሰፈሩም ሸሪኳ እያለ ነው የሚጠራት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ነግደዋል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሸሪኳ አንገቷን እየነቀነቀች «ይሄ ስልክ ዛሬም ጡት አልጣለም?» ትላለች።

ከዚያ ሁሉ ጥሪ መሐል ግን አንዱ ይለያል። የእትዬ ወንድም የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ሲወርድ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን እንደወጣ አንድ ሚስኮል ያደርግላታል። አንድ ጊዜ ጠርቶ ይቋረጣል። ትርጉሙ «ዋሻውን ወጣሁ፤ ቁልቁለቱን ጀመርኩ» ነው። እሷም መልሳ አንድ ጊዜ ታስጠራለታለች፤ ያ ደግሞ «እሺ፣ እወጣለሁ» ማለት ነው። ከዚያ የበሰሉትን ማንጎዎች መርጣ በፌስታል ታደርግና አስፋልቱ ዳር ሄዳ ትቆማለች። መኪናው ብዙ መቆም ስለማይችል በመስኮት ይቀበላታል፣ ሁለት ቃል ይባባላሉ፣ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዱም ስልኩን አንስቶ አያውቅም። ለምን እንደማታነሳው ብጠይቃት «ለወሬማ ይመጣ የለ እንዴ» አለችኝ። ሲደውል በስልኳ ላይ የሚወጣው የፊቱ ፎቶ ሳይሆን የመኪናው ነው፤ ሰማያዊ፣ ግንባሩ ላይ ጨሌ የተንጠለጠለበት።

ለገና መጥቼ ሳለ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተናዳ ተመለሰች። ቅዳሴ መሐል ስልኩ ጮኾ፣ የስልኩ መዝሙር ከዲያቆኑ ድምፅ ጋር ተደባልቆ፣ ሴቱ ሁሉ ዞሮ አይቷታል።

«ይሄን ዝም ማሰኘት ካላስተማሩሽ ምን እያስተማሩሽ ነው እዚያ?» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አሳየኋት። ስልኩ በአማርኛ ነው፤ «አትረብሽ» የሚል ጽሑፍ አለው። እትዬ ፊደል ትቆጥራለች፤ ቀስ ብላ አነበበችው።

«አትረብሽ? ወንድ ነው እንዴ?»

«ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ለካ ለዚህ ነው የማይታዘዘኝ።»

ሲነካ ከላይ ጥግ ላይ ትንሽ ጨረቃ ትወጣለች። ጨረቃዋ ስትወጣ ስልኩ ይተኛል አልኳት። እሑድ እሑድ ጠዋት በራሷ ወጥታ ከቅዳሴ በኋላ በራሷ እንድትገባ አስተካከልኩላት። እትዬ ደስ አላት፤ ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ወንድሜ በሰንበት ዋሻውን ቢወጣስ?» አለች። ፈልጌ አገኘሁት፤ ጨረቃዋ ብትኖርም የአንድ ሰው ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። «እሱ ብቻ?» አለችኝ። «እሱ ብቻ» አልኳት። ከዝምታው ይልቅ በዚህኛው ነው የመረቀችኝ። እኔም ሥራዬን ሳላረጋግጥ አልተውኩም፤ ጓሮ ሄጄ በራሴ ስልክ ደወልኩ፣ አልጮኸም። ወንድሟ ጋ ደግሞ አንድ ጊዜ እንድታስጠራ አደረግኋት፤ መልሶ ሲያስጠራ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጨረቃዋን ከሰንበት ጋር አንድ አድርጋ ነበር የምታያት።

በግንቦት የመንፈቁ ዕረፍት ሆኖ መጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ስልኳን ቻርጅ እንዳደርግላት ሰጥታኝ ቀድማኝ ወደ ሼዱ ሄደች። ወዲያው የእድሩ ዳኛ ግቢ ገቡ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። ከኋላቸው ሸሪኳ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ዳኛው በሩን መለስ አደረጉና ነገሩኝ። የእትዬ ወንድም ትናንት ማምሻውን አዲስ አበባ ታሞ በተኛበት አርፏል። ልጁ ነው የደወለላቸው። አስከሬኑን ይዞ እየመጣ ነው፤ በከተማው ሳይቆም አልፎ የትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ነገ ይቀበራል።

«መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል» አሉ። «እስከዚያ ከማንም እንዳትሰማ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ዕቃ ነው።» በከዘራቸው እጄ ላይ ያለውን ስልክ አመለከቱኝ። «ባትሪውን ንቀይው።»

«የዚህ ባትሪ አይወጣም፣ አባባ። አብሮ የተሠራ ነው።»

«እንግዲያው አጥፊው።»

«ካጠፋሁት የሚደውል ሰው ሁሉ ስልኩ ጠፍቷል ይባላል። ምን ሆነች ብሎ በአካል ይመጣል። የሚሻለው ለደዋዩ እየጠራ እሷ ጋ እንዳይሰማ ማድረግ ነው።»

«እየተጠራ ዝም የሚል?»

«አዎ።»

«እንደ ምራቴ በይኛ» አሉ፤ ወዲያው ሰዓቱ የቀልድ እንዳልሆነ ትዝ ብሏቸው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

ሸሪኳ የሻርፗን ጫፍ ከአፏ አወረደች። «እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም» አለች። «እኛ ሞትን አናሳድርም። እንደሰማን እንናገራለን። ቀኑን ሙሉ ፊቷን እያየሁ ምን ልላት ነው?»

«የእናንተም ልክ ነው» አሉ ዳኛው። «እኛ ዘንድ ግን እህት የወንድሟን ሞት ሽንኩርት መሐል ቆማ ከስልክ ላይ አትሰማም። ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ተይዛ ነው የምትሰማው። ብትወድቅ ማን ያነሳታል?»

«ወላሂ አፌ አይችልም።»

«አፍሽን እጅሽ ላይ አድርጊው። ሽንኩርት ላጪ።»

እኔ ከዳኛው ጋር ነበርኩ። ስልኩን ስከፍተው ደግሞ ይበልጥ አመንኳቸው። የቴሌግራሙ ግሩፕ ውስጥ ወንድሟ ከሰማያዊው መኪና ፊት ቆሞ የተነሳው ፎቶ ገብቷል፤ ከጎኑ የሻማ ሥዕል፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። እትዬ ስልኩን ብትከፍተው ኖሮ የምታየው ይህን ነበር። ብቻዋን፣ ቆማ። ለካ ሞት በዚህ በኩል እንደ ሽንኩርት ዋጋ ተንጫጭቶ ይመጣል።

ጨረቃዋን አወጣሁ። ግሩፑን አፈንኩት። መልእክት ሲገባ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ አደረግሁ። ከዚያ ለወንድሟ የሰጠሁት ፈቃድ ጋ ደረስኩ። የእሱ ጥሪ ብቻ ያልፋል። ጣቴን እዚያ ላይ አቆምኩና ተውኩት። የሞተ ሰው አይደውልም ብዬ ብቻ አይደለም። ያንን ፈቃድ የሰጠሁት በእሷ ልመና ነው፤ እሷ ሳታውቅ የእሱን ድምፅ መዝጋት የኔ ሥልጣን አልመሰለኝም። ዛሬ ቢጠይቁኝም ያንኑ ነው የማደርገው።

ስልኩን ወስጄ ሰጠኋት፤ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ቀኑ እንደ ሮቢት ልማድ የሚያቃጥል ነበር፤ ቆርቆሮው ገና በረፋዱ ይንቋቋል። ሸሪኳ ጥግ ይዛ መላጥ የማያስፈልገውን ሽንኩርት እየላጠች ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች።

እትዬ አየቻትና ሳቀች። «ዛሬ ነው እንዴ ሽንኩርት የጀመርሽው? ነጋዴን ሽንኩርት አስለቀሰው ሲባል ሰምቼም አላውቅ።»

«የዛሬው ኃይለኛ ነው» አለች ሸሪኳ ቀና ሳትል።

ከጀውሃ አንድ ገበሬ ጆንያ አስጭኖ መጣና «ምነው እትዬ፣ ብደውል ብደውል የማታነሺው?» አለ። ሰበብ ልነግረው ወደ እሱ ዞርኩ። ሸሪኳ ግን ከጥጓ ቀደመችኝ፤ «ዛሬ ጡት አስጥለነዋል» አለች። እትዬ እንደገና ሳቀች፤ «ቻርጅ ላይ ነበር» ብላ ወደ ሚዛኑ ዞረች። ሸሪኳ በዚያ ቀን እንዴት እንደቻለችው አላውቅም፤ አፌ አይችልም ያለችው አፏ ነው ያዳነን።

ከቀትር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ብሎ ሦስታችን ጥላ ሥር እንደተቀመጥን መዝሙሩ ጮኸ። አንድ ጊዜ፤ ተቋረጠ።

ከሸሪኳ እጅ ሽንኩርቱ ወድቆ ተንከባለለ። እትዬ ስልኩን ከመቀነቷ ስታወጣ ሰማያዊውን መኪና ስክሪኑ ላይ አየሁት።

«ዋሻውን ወጣ» አለች። ደስታዋ ፊቷ ላይ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ የማንጎውን ሳጥን በአንድ እጇ እየሳበች በሌላው መልሳ ደወለች። እንደ ልማዷ አንድ ጊዜ አስጠርታ ልትዘጋ ጣቷን አዘጋጅታለች። ግን ገና ሳይጠራ ተነሳ።

ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ መቁጠር ጀመረ። ከስልኩ የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ የሆነ ሰው ይተነፍሳል። ቃል አልወጣም። ተዘጋ።

እትዬ ስልኩን ከፊቷ አራቅ አድርጋ ያዘችው። «አነሳው» አለች። «ወንድሜ አንስቶ አያውቅም።»

እንደያዘችው ዓይኗ ወደ ላይኛው ጥግ ሄደ።

«ይህች ጨረቃ ምን ትሠራለች? ዛሬ ሰንበት ነው?»

የወደቀውን ሽንኩርት ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

«አንቺ ነሽ ያወጣሻት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማን አዘዘሽ?»

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ስልክ ሁልጊዜ ሰበብ አያጣም። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያመነችኝ ሴት ናት። «የእድሩ ዳኛ» አልኳት።

የእድር ዳኛ ስለ ሽንኩርት አያዝም፣ ስለ ስልክም አያዝም። የሚያዝበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሮቢት ሰው ሁሉ ያውቃል። እትዬ ቀስ ብላ ወደ ሸሪኳ ዞረች። የተላጠውን የሽንኩርት ክምር አየች፣ ዓይኗን አየች።

«ሽንኩርቱ አይደለም ለካ» አለች።

ሸሪኳ አፏን ስትከፍት እትዬ እጇን አነሳችባት። «አትንገሩኝ። ሁለታችሁም። አንቺ ልጅ ነሽ፣ መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም። አንቺ ደግሞ ሸሪኬ፣ ከጠዋት ጀምረሽ ችለሻል፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ፤ «ሂጂ ጥሪያቸው። ለጎህ ያሰቡትን አሁን ያድርጉት በያቸው። እኔ አስፋልት ልወጣ ነው።»

በባጃጅ በረርኩ። ዳኛው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነበሩ።

«መርዶ በቀን?» አሉ። «ስልኩን ዝም አሰኝቻለሁ አላልሽም?»

«ስልኩ ዝም ብሏል፣ አባባ። የደወለው የሟቹ ቁጥር ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ጀምሯል፤ እሷም ማንጎ ይዛ ልትቆም ነው። ሳይነገራት ከሄደች መርዶውን የሚነግራት አስፋልቱ ነው።»

ለሽማግሌ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም አልተቆጡኝም፤ ከዘራቸውን አንስተው «ሰው እንጥራ» ብቻ አሉ። ከሱቅ ሱቅ እያሉ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይዘው መጡ።

ስንደርስ እትዬ ንጹሕ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፤ ገና አልተነገራትማ። አጠገቧ ማንጎ የሞላ ፌስታል አለ፤ እኔ እስክመለስ መርጣ ጨርሳዋለች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ሸሪኳ ከኋላዋ ሆና ትከሻዋን ያዘች። ዳኛው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድምሽ አርፏል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ያን ጊዜ ወደቀች፤ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ያዛት። ሸሪኳም ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን ጮክ ብላ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። እኔም አለቀስኩ። ሾፌሩን የማውቀው ከመስኮት በላይ ባይሆንም፣ ማንጎ ሲቀበል ሁልጊዜ ለኔም አንዱን ይመልስልኝ ነበር።

እንደተነሳች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፌስታሉን ይዛ ወደ አስፋልቱ ሄደች። ሊያግዳት የደፈረ አልነበረም፤ ሁላችንም ተከተልናት። የአስከሬኑ መኪና ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። የሟቹ ልጅ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ እንደኔ ዕድሜ ይሆናል፣ አልያም ጥቂት ከፍ ይላል። ወረደና እግሯ ላይ ወደቀ።

«እትዬ፣ እጄ ነው የደወለው» አለ። «አብሬው ስሄድ ዋሻውን እንደወጣን ‹በል ደውልላት› ይለኝ ነበር። ስልኩን ይዤው ነበር። የዋሻውን መውጫ ብርሃን ሳይ እጄ ደወለ። መልሰሽ ስትደውዪ ደግሞ ደንግጬ አነሳሁት። እንዳልተነገረሽ ረሳሁት።»

እትዬ አነሳችው። «ደግ አደረግህ» አለችው። «ሳይደውል ቢያልፍ ነበር የምቀየመው።»

ከዚያ ልጁን ወደ ቦታው መለሰችውና ፌስታሉን በመስኮት ሰጠችው። ዳኛው ይህ ደግሞ የትኛው ሥርዓት ነው በሚል ዓይን አዩዋት፤ ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩና ተዉት። ልጁም በሁለት እጁ ተቀበለ።

ረቡዕ ተቀበረ። ዓርብ ሰልስቱ ወጣ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ስልኩ እንደተኛ ነው፤ ላንቃው ብላት እትዬ «ያዘነ በእግሩ ይምጣ» ብላ ከለከለችኝ። መጡም። ከቀወት በአህያ የመጡ ነበሩ፤ ከደብረ ብርሃን፣ ያንን የሻማ ፎቶ የለጠፈው ነጋዴ ራሱ መጥቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። ስለ ፎቶው አልነገርኳትም። ዳኛው አንድ ጊዜ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው «ያቺ ጨረቃ የኔም ስልክ ላይ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። የሳቸው በቁልፍ የሚሠራ አሮጌ ስልክ ነው። የለም ስላቸው ትንሽ ቅር አላቸው።

ቅዳሜ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አባቱ ሽቅብ ሲወጣ ደውሎ አያውቅም ነበር፤ ሚስኮሉ ለመውረድ ብቻ ነው። ልጁም እደውላለሁ አላለም፣ እሷም ደውል አላለችውም። ከሰዓት በኋላ እትዬ፣ ሸሪኳና እኔ ድንኳኑ በፈረሰበት ቦታ ተቀምጠን የሰው ዕቃ እየለየን ሳለ መዝሙሩ ጮኸ። አንድ ጊዜ፤ ተቋረጠ። ሰማያዊው መኪና ስክሪኑ ላይ ታየ።

እትዬ መልሳ አስጠራች። በዚህኛው ጊዜ አልተነሳም። አንድ ጊዜ ጠርቶ ዘጋችው።

«ዋሻው ደረሰ» አለች። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «በይ አሁን አውርጃት።»

ጨረቃዋን አወረድኩ። ሸሪኳ «ደግሞ ሊጀምረን ነው» እያለች ድስቶቹን ወደ መደራረቡ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ከጀውሃ ተደወለ፤ እትዬ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ አነሳችው። ቅዳሜ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።